በልጅ አፍ መኖር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በእናቷና በሐኪሙ መካከል ተቀምጣለች። እናትየዋ ዲቪ ደርሷት ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ ቀን አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ማታ ቢሮ ታጸዳለች። ሐኪሙ ስለ ማሕፀኗ ይጠይቃል። ልጅቷ ቃሉን በእንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት ታውቀዋለች፤ በአማርኛ ምን እንደሚባል ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። በእጇ ሆዷን እያሳየች «እዚህ ጋ ያለውን ነው የሚጠይቅሽ» አለቻት። እናት ገባት። መልሱን ግን በልጇ ፊት ልታወጣው አልቻለችም፤ አንገቷን ደፍታ «ደህና ነኝ በይው» አለች። ልጅቷም እንደታዘዘችው አለች። እናትየዋ ግን ደህና አልነበረችም። ይህን ለእኔ የነገረችኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ የዚያን ዕለት በመኪና ወደ ቤት ስመልሳቸው እናትም ልጅም ዝም ብለው ነበር።

ስደተኛ የሚኖርበትን ሀገር ቋንቋ መማር አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር ሲነሳ ሰው ቶሎ ወደ ክብር ይሄዳል። አንዱ «ሀገራቸው ገብተህ በቋንቋቸው ካልተናገርክ ምን ልትሠራ መጣህ?» ይላል፤ ሌላው «ሠርቼ ግብሬን እስከከፈልኩ ድረስ ምን አገባቸው?» ብሎ ይመልሳል። እኔ ጉዳዩን ከዚያች ልጅ ወንበር ላይ ሆኜ ባየው እመርጣለሁ። ቋንቋ የማያውቅ ሰው ስላላወቀ ብቻ ሳይናገር አይኖርም። ቤት ይከራያል፣ ይታመማል፣ ከአለቃው ጋር ይጋጫል፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ይመጣለታል። በነዚህ ሁሉ ቦታዎች አንድ ሰው ስለ እርሱ መናገሩ አይቀርም። ያ ሰው ማን ነው? መማር አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሀገሩን ባለቤቶች ደስ ለማሰኘት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። ነገር ግን «ይማር» ብሎ መፍረድ ቀላል ስለሆነ፣ መማር ምን ምን እንደሚጠይቅ ረጋ ብለን እንመልከት።

አማርኛ የእናትን ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ይለዋል። ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን፤ እስከዚያ ድረስ ታስሮ ነበር ማለት ነው። በሰው ሀገር የገባ አዋቂ ሰው አፉ ለሁለተኛ ጊዜ ይታሰራል። ልዩነቱ፣ ሕፃኑ ሲታሰር እናቱ አለችለት፣ ጊዜም አለው፣ ቢሳሳት የሚስቅበት የለም። አዋቂው ግን ትናንት በሀገሩ መምህር ወይም ነጋዴ ወይም የሰፈር ሽማግሌ ነበር፤ ተናግሮ የሚሰማ ሰው ነበር። ዛሬ ፋርማሲ መስኮት ፊት ቆሞ ሁለት ቃል መደርደር ሲያቅተው የሚሰማው እፍረት ከስንፍና ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ብዙ ሰው ከክፍል የሚቀረው ይህን እፍረት ፈርቶ ነው፤ ይህን ያላየ ሰው «ለምን አይማሩም?» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል።

እንግሊዝኛ ደግሞ ከአማርኛ ሩቅ ነው። ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ በአንድ ቃል ማሳየት ይቻላል። «አላየሁትም» እንላለን። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ማን እንዳላየ፣ ምን እንዳላየ፣ መቼ እንደሆነና አለማየቱ ራሱ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ለማለት «አይ ዲድ ኖት ሲ ሂም» ብሎ አምስት ቃል ይደረድራል። እኛ ግሡን ወደ መጨረሻ እናቆየዋለን፤ እንግሊዝኛ ወደ መሐል ያመጣዋል። ስለዚህ ተማሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት ሐሳቡን ፈትቶ እንደገና ማሰር አለበት፤ ሰሚው ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ንባቡ ይመጣል። ፊደልን የለየ ሰው የአማርኛ ጽሑፍ አይቸግረውም፤ ከመጥበቅና ከመላላት በቀር እንደተጻፈ ያነበዋል። በእንግሊዝኛ ግን ተጽፎ የማይነበብ ፊደል አለ፣ አንዱ ፊደል በየቃሉ ድምፁን ይለውጣል። እንግሊዝኛ አንቱታም የለውም፤ እናት ለአለቃዋም ለልጇም አንድ «ዩ» ብቻ ትሰጣለች። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በአክብሮት ተናግሮ የኖረ ሰው አዲሱን ቋንቋ ሲናገር ራሱን ባለጌ ሆኖ እንዲሰማው ያደርጋል።

ርቀቱን በሰዓት የለካው ራሱ የአሜሪካ መንግሥት ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም ያለው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አካባቢ። ይህ ተቋም አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አማርኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ እንዲያውቅ 44 ሳምንት ወይም 1,100 ያህል የክፍል ሰዓት ያስፈልገዋል ብሎ ይገምታል። ዲፕሎማቱ በነዚያ ሳምንታት ሌላ ሥራ የለውም፤ ሥራው መማር ነው፣ ደመወዙም አይቋረጥም። መንገዱ ከወዲያም ከወዲህም ያው መንገድ ነውና፣ ያቺ እናት በሳምንት ሁለት ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ትማራለች እንበል። 1,100ን ለ4 ስናካፍል 275 ሳምንት ይወጣል፤ አንድም ቀን ሳትቀር፣ አንድም ልጅ ሳይታመምባት፣ ከአምስት ዓመት በላይ ማለት ነው። አራት ዓመት ኖራ እንግሊዝኛ አለማወቋ ሊያስገርመን አይገባም። ቢሮ እያጸዳች ብትጀምር ነው የሚገርመው።

ቅርብ ቋንቋ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዱባይ የሄደች ልጅ በጥቂት ወራት ዓረብኛ ስትናገር ሰምተን እንገረማለን። አንዱ ምክንያት ዝምድናው ነው፤ ቤት በይት፣ ራስ ረእስ፣ ደም ደም፣ ስም ኢስም ነው። ወደ እስራኤል የሄዱትም በዕብራይስጥ ባይት፣ ሮሽ፣ ዳም፣ ሼም ሲሰሙ የዘመድ ድምፅ ይሰማቸዋል። ሁለተኛው ምክንያት መራራ ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያ ቋንቋ ሌላ የምትሰማው የለም። ግን የምትማረው ዓረብኛ ምን ዓይነት ነው? አምጪ፣ ውሰጂ፣ እጠቢ፣ ቶሎ በይ የሚለው ነው። «ሦስት ወር ደመወዜ አልተከፈለኝም፣ ፓስፖርቴን መልሱልኝ» የሚለውን የሚያስተምራት የለም። መታዘዣ ቋንቋና መጠየቂያ ቋንቋ ይለያያሉ። በዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ አሥር ዓመት የሠራ ሰውም በዚሁ መንገድ ዋጋ መናገርና ደረሰኝ መስጠት አቀላጥፎ ያውቃል፤ ከሥራ ሲባረር ግን ለምን እንደተባረረ መጠየቂያው ቃል የለውም። ስለዚህ «መማር አለበት» ስል የምናገረው ስለ መጠየቂያው ቋንቋ ነው። መታዘዣውን ሥራው ራሱ ያስተምራል፤ አሠሪውም ከዚያ በላይ አይፈልግም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

ልጅ አስተርጓሚ ሲሆን የሚጎድለው ቃል ብቻ አይደለም። የእኛን የሰዓት አቆጣጠር አስቡ። አንዲት እናት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ግማሽ ገላዋ ደነዘዘ፣ አንደበቷ ተሳሰረ እንበል። ዘመድ አፋፍሶ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሆስፒታል አደረሳት። ሐኪሙ «መቼ ጀመራት?» ሲል አሜሪካ ያደገው ልጅ ከቤት የሰማውን «ሁለት ሰዓት» እንዳለ ያስተላልፋል። እናት ያለችው በእነርሱ 8 ሰዓት ነው፤ ሐኪሙ የሚሰማው ግን ሌሊት 2 ሰዓት ነው። ስትሮክ ከሆነ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ሐኪሙ ሁለት ሰዓት አልፏል ብሎ መቁጠር ሲገባው ስምንት ብሎ ይቆጥራል። ሁለቱም ወገን እውነቱን ተናግሯል፤ ልጁም አልዋሸም። ስድስቱ ሰዓት የጠፋው በመሐል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 በፍሎሪዳ የሆነው ይህን የመሰለ ነው። አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲገባ ከኩባ የመጡ ቤተሰቦቹ «ኢንቶክሲካዶ» ነው አሉ። በእነርሱ ስፓኒሽ የበላው ወይም የጠጣው ነገር አሞታል ማለት ነው። ሐኪሞቹ ግን ቃሉን በራሳቸው ቋንቋ ሰምተው ዕፅ ወስዶ ነው ብለው ያዙት፤ አስተርጓሚም አልጠሩም፣ የተረዱ መስሏቸዋልና። እውነተኛው በሽታ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚፈስ ደም ነበር። ወጣቱ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ጉዳዩም በዕድሜ ዘመኑ ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ካሳ ተቋጨ። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ቋንቋ የማያውቁትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በከፊል የሚያውቅ ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። እኛም «ምች መታኝ»፣ «ብርድ ገባኝ»፣ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» የምንል ሕዝብ ነን፤ እነዚህን ቃል በቃል ብንገለብጣቸው ሐኪሙ ምን እንደሚሰማ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ቋንቋ መማርና አስተርጓሚ መጠየቅ አይጣረሱም። የገበያና የመንገድ እንግሊዝኛ ያለው ሰው ለቀዶ ጥገና ፊርማ ወይም ለፍርድ ቤት ቃል በቂ እንግሊዝኛ አለው ማለት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 እና እርሱን ለማስፈጸም በ2016 የወጣው ደንብ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ሐኪም ቤት ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ አስተርጓሚነት እንዳይሠራ ከልክለዋል። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግም የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20፣ ክሱ በማይገባው ቋንቋ የሚታይበት ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ከኦሞ ወይም ከቦረና አዲስ አበባ መጥቶ ችሎት ፊት የቆመ ሰው ምን እንደሚሰማው የምናውቅ ሕዝብ ስለሆንን፣ በሰው ሀገር ይህን መብት ስንጠይቅ ልንሸማቀቅ አይገባም።

አሁን ደግሞ ወደ ጠያቂው ሀገር እንዙር። «ቋንቋችንን ተማሩ» የሚል መንግሥት ጊዜውን ሰጥቷል ወይ? ጀርመን በዚህ ረገድ የተማረችው ዘግይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ከጣሊያን፣ በ1961 ከቱርክ ጋር ተዋውላ ለፋብሪካዎቿና ለማዕድን ማውጫዎቿ ሠራተኛ አስመጣች፤ ምልመላውን እስካቆመችበት እስከ 1973 ድረስም ቀጠለች። እነዚህን ሰዎች «እንግዳ ሠራተኞች» ብላ ጠራቻቸው፤ ይመለሳሉ ብላ ስላሰበች ቋንቋ ማስተማሩን እንደ ጉዳይ አልቆጠረችውም። ሠራተኞቹም እንመለሳለን ብለው አስበው ነበር። ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ቤተሰብ አመጡ፣ ወለዱ፣ አረጁ። መንግሥት በሕግ የተደነገገ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ነው፤ ዛሬ መደበኛው ኮርስ 600 የቋንቋና 100 ስለ ሀገሩ ሕግና ታሪክ የሚሰጥ ክፍለ ጊዜ አለው። ስዊድን ቀደም ብላ ነቅታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣችው ሕግ ቋንቋውን የማያውቅ የውጭ ሀገር ሠራተኛ እስከ 240 ሰዓት ስዊድንኛ እንዲማር፣ ያንን ሰዓትም አሠሪው እንደ ሥራ ቆጥሮ እንዲከፍለው ደነገገች። ሰዓቱ አነስተኛ ቢሆንም ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ የሠራተኛው ቋንቋ መቻል አሠሪውንም የሚጠቅም ከሆነ ዋጋውን ለምን ሠራተኛው ብቻ ይከፍላል? አሜሪካ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2025 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እንግሊዝኛን ኦፊሴላዊ ቋንቋ ስታደርግ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች እንዲያመቻቹ በ2000 የወጣውን ትእዛዝ አብራ ሰረዘች። ድልድዩን አንስቶ ተሻገሩ ማለት ነው። ቋንቋ በአዋጅ አይለመድም፤ በክፍል ሰዓት፣ በሕፃናት ማቆያና በእረፍት ነው የሚለመደው።

ሁሉም ሰው እኩል ይማር ማለትም ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓዙ፣ ከመካከላቸው ዕድሜያቸውን በእርሻና በእጅ ሥራ ያሳለፉ፣ በየትኛውም ቋንቋ ፊደል ያልቆጠሩ አረጋውያን ነበሩ። በራሱ ቋንቋ ማንበብ የሚችል ሰው ሁለተኛውን ቋንቋ ሲማር ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ያልቆጠረው ግን ማንበብንም ቋንቋንም በአንድ ጊዜ መሸከም አለበት። ልጆቹ ቶሎ ዕብራይስጥ ለመዱ፤ ከመሥሪያ ቤት የሚመጣውን ደብዳቤም ማንበብ ያዙ። በዚህ የተነሳ በቤቱ ውስጥ የአዛዥና የታዛዥ ቦታ ተገለበጠ። ሰው ሲያማክረው የኖረ ሽማግሌ የራሱን ደብዳቤ ለማወቅ የልጅ ልጁን የሚለምን ሆነ። የአሜሪካ የዜግነት ሕግ ይህን በመጠኑ ተገንዝቧል። ዕድሜው 50 ሞልቶ 20 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ፣ ወይም 55 ሞልቶ 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ነው፤ ስለ ሀገሩ ታሪክና መንግሥት የሚጠየቀውን በራሱ ቋንቋ መመለስ ይችላል። ልክ ነው እላለሁ። የሰባ ዓመት እናትን ቋንቋ አልለመደችም ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ወጣቶቹ ግን በዚህ ከለላ ሊጠለሉ አይገባም። ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን አንብቦ፣ ከሦስት አንዱን ጽፎ የእንግሊዝኛውን ፈተና ያለፈ ሰውም ዜግነት አገኘ እንጂ ቋንቋ ገና አላገኘም።

አንድ ስህተት ደጋግሜ ስለማይ እርሱን ሳልናገር አላልፍም። አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸው ቶሎ እንዲለምዱ ብለው፣ ራሳቸውም ለመለማመድ ብለው ቤት ውስጥ አማርኛውን ትተው በሰባራ እንግሊዝኛ ያወራሉ። ልጁ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት፣ ከጓደኛና ከቴሌቪዥን ከወላጁ በተሻለ ያገኘዋል፤ ለእርሱ ወላጁ አያስፈልግም። አማርኛውን ግን ከወላጁ በቀር ማንም አይሰጠውም። በሰባራ እንግሊዝኛ ያደገ ልጅ አባቱን የሚያውቀው እንደ ደካማ ተናጋሪ ነው፤ ቀልዱን፣ ተረቱን፣ ምክሩን አልሰማም። እናትየዋ እንግሊዝኛ መማሯ ልጅቷን ከአስተርጓሚነት ያወጣታል፤ ልጅቷ አማርኛ ማወቋ ደግሞ እናቷን ሙሉ ሰው አድርጋ እንድታያት ያደርጋል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ስዊድን ይህን ስለተረዳች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለስደተኛ ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በትምህርት ቤት ታስተምራለች።

ያቺ እናት አሁን በሰፈሯ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በሳምንት ሁለት ማታ ትማራለች። የማታውን የጽዳት ሥራ በሁለት ቀን መቀነስ ነበረባት፤ ገንዘቡ ጎድሎባታል። ልጆቹን የምትጠብቅላት የእኅቷ ልጅ ናት። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይም ቋንቋው የገባችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በቤታችሁ ወይም በዕድራችሁ ውስጥ ክፍል መግባት ፈልጋ ልጅ የሚይዝላት ያጣች እናት ካለች ሁለት ማታ ያዙላት። የሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮዋ ሲደርስም ቀደም ብላችሁ ስልክ ደውላችሁ «አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ። ልጅቷን ትምህርት ቤት ስደዷት።